ስለ አሮጌ ኮምፒዩተሮች አገልግሎት

ኮምፒዩተር ሲያረጅ ወደ ግምጃ ቤት መጣሉ የተለመደ ነው። ነገር ግን ላረጀው መሣሪያ የሚገባውን ሥራ የመደበ ማኅበር አለ።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. ጆርጅ ዎልትማን የተባለ አሜሪካዊ፥ ታላላቅ የሜርሴን ብቸኛ ቊጥሮችን የሚፈልግ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር አቋቋመ። እነዚህ ቊጥሮች ከ1ና ከራሳቸው በቀር በሌላ የማይካፈሉ ሲሆኑ፥ 2 በራሱ ደጋግሞ ተባዝቶ 1 ሲቀነስለት ይገኛሉ። ስሌቱ እጅግ ረዥም ስለ ሆነ፥ በየቤቱ ሥራ ፈትተው ለሚውሉ ኮምፒዩተሮች በኢንተርኔት ተከፋፈለ።

ታዲያ ፈጣኑ አዲሱን ቊጥር ሲመረምር አሮጌው ምን ይሥራ? የማኅበሩ ብልሃት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሙቀት ወይም የመሣሪያ ጉድለት ስሌትን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ «ብቸኛ አይደለም» የተባለው ቊጥር በሌላ ኮምፒዩተር እንደ ገና ይመረመር ነበር፤ ሁለቱ ውጤቶች ካልተስማሙ ሦስተኛ ምርመራ ይጨመራል። ለማመሳከር የሚቀርቡት ቀደም ብለው የተመረመሩ አነስተኛ ቊጥሮች በመሆናቸው፥ ሥራው ለዘገምተኛው መሣሪያ ተስማማ። የሒሳብ መዝገብ የመረመረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ተቈጣጣሪ ከጸሓፊው ሊፈጥን አይገባውም።

የመብራት ሒሳብ ከፋይ ግን ያስብበት፤ አሮጌ መሣሪያ ለጥቂት ስሌት ብዙ ኃይል ይበላል። ደግሞም ከ2020 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ምርመራ በአጭር ጊዜ የሚጣራ ማስረጃ ይዞ ሊቀርብ ስለሚችል፥ ማስረጃ የቀረበለት ሙሉ ድጋሚ ምርመራ አያስፈልገውም። የቀድሞዎቹ ግን በአሮጌው ሥርዓት መመሳከር ነበረባቸው። በ2013 ዓ.ም. የተገኘው ታላቅ ቊጥር በመካከል የተዘለለ አለመኖሩ ተጣርቶ 48ኛ መባሉ የተረጋገጠለት በ2021 ዓ.ም. ነው።