ፕላቲነሙን ያሸነፈው እርሳስ

መኪና ሥር ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ፣ ጭሱ ማርሚታው ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት አንድ ቆርቆሮ አለ፤ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ይባላል። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሸክላ ሲሆን፣ ሸክላው ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብተዋል። ሦስቱ ቢደመሩ ጥቂት ግራም ናቸው። መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ደግሞ ወደ ተራ ናይትሮጅን ይለውጣሉ።

አሜሪካ ውስጥ ዕቃው በብዛት መገጠም የጀመረው በ1975 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል መኪኖች ላይ ነው። ሐሳቡ ግን 20 ዓመት ያህል ይቀድማል። ታዲያ ምን አዘገየው?

በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሪ ሃገን-ስሚት የተባለ ኬሚስት፣ የሎስ አንጀለስን ሕዝብ ዓይን የሚያቃጥለው ጭጋግ ከመኪና ጭስና ከፀሐይ ብርሃን እንደሚፈጠር አሳየ። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪም ጭስ የሚያጸዳ ኮንቨርተር ሠርቶ በ1956 የአሜሪካ ፓተንት አገኘ። መኪና ላይ ግን አልዘለቀም። ለምን መሰላችሁ? ቤንዚኑ እርሳስ ነበረበት፤ ሞተር እንዳያንኳኳ ተብሎ ከ1923 ጀምሮ የሚጨመር። ካታሊስት የሚሠራው በገጹ ነው፤ ጋዞቹ ብረቱ ላይ ያርፋሉ፣ ይለወጣሉ፣ ይሄዳሉ። እርሳሱ ግን አይሄድም፤ ተለጥፎ ቦታውን ይይዛል። በቃ፣ ኮንቨርተሩ ሳይሰበር ይሞታል።

የ1970ው የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ የመኪና ብክለት 90 በመቶ እንዲቀንስ ሲያዝ፣ ቤንዚኑ ራሱ መለወጥ ነበረበት። በ1974 እርሳስ የሌለው ቤንዚን በየማደያው ቀረበ። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮም ስለሚጎዳ፣ ለኮንቨርተሩ ሲባል የተደረገው ለውጥ ልጆችንም ጠቀመ። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እስከ 2006 መግቢያ ድረስ እርሳሱን ከቤንዚን አስወጥተዋል።

ዛሬም ትምህርቱ ያው ነው፦ ኮንቨርተር የሚጠበቀው ከሞተሩ ጀምሮ ነው። ዘይት የሚበላ ሞተር በዘይቱ ውስጥ ያለውን ፎስፎረስ ልኮ ብረቶቹን ይሸፍናል። ካንዴላው በትክክል ካልተኮሰ ደግሞ ያልተቃጠለው ቤንዚን ኮንቨርተሩ ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል፤ ሙቀቱ ሸክላውን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ስለዚህ ሞተሩ እየተንገጫገጨ የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም ካለ፣ «ነገ እናሳየዋለን» አትበሉ። ሸክላውን አስወጥቶ ባዶ ቆርቆሮ መግጠምም መፍትሔ አይደለም፤ መኪናው ይሄድ ይሆናል፣ መርዙን የሚተነፍሰው ግን መንገድ ዳር ያለው ሰው ነው።