የእጅ ትምህርትና የደብተር ትምህርት በኮንጋ



በይርጋ ጨፌ ወረዳ በምትገኘው በኮንጋ የሚያድግ ሕፃን፣ ደብተር ከመያዙ በፊት በሌላ ትምህርት ቤት ይቈያል። ያም ትምህርት ቤት የቤተ ሰቡ ጓሮ ነው። እንሰትና ቡና ጎን ለጎን በቅለው፣ ዋንዛና ብርብራ ከበላያቸው ጥላ ሆነው ይታያሉ። አያት ችግኝ ሲተክሉ የልጅ ልጅ አፈር ያለብሳል፤ እናት እንሰት ስትፍቅ ልጅ ቃጫውን ትሰበስባለች። በጓሮው አንደኛ ክፍልና ስምንተኛ ክፍል የሚባል መለያ የለም፤ ትልቁ እየሠራ ያሳያል፣ ትንሹም እያየ ይሠራል። እኛም የትምህርት ቤታችንን በዓል ምክንያት በማድረግ፣ ይህን የመሰለው የእጅ ትምህርት በአገራችን ምን ታሪክ እንዳለው በአጭሩ ለመጻፍ አሰብን።

የጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በዕድሜ አይከፋፍልም ነበር። ፊደል የሚቈጥረው ሕፃንና ዳዊት የሚደግመው ጎረምሳ በአንድ ግቢ ይማሩ ነበር፤ ታላቁም ታናሹን ያስቈጥር ነበር። ጽሕፈት የሚማረው ተማሪ ደግሞ የፍየል ቆዳ ዘፍዝፎ፣ ወጥሮና ፍቆ ብራና ያወጣል፤ መቃ ቀርጾ ብዕር ያበጃል፤ ከጥላሸት ቀለም ይበጠብጣል። ስለዚህ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው የእጅ ሥራንም የሚያውቅ ነበር።

ይሁን እንጂ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን መናቅ በአገራችን የቈየ ክፉ ልማድ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ስለዚህ ነው። በዚያው ዘመን ግድም በስማቸው የሚጠራው ዘመናዊ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ይህ ትምህርት ቤት የውጭ አገር ቋንቋዎችን አጥብቆ ያስተምር ነበር፤ አገሪቱም ጸሐፊና አስተርጓሚ ትሻ ነበርና የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ቀስ በቀስ ተማረ ማለት ከጓሮ ወጥቶ ጽሕፈት ቤት ገባ ማለት እየመሰለ ሄደ።

በሌላውም ዓለም ይኸው ጥያቄ ተነሥቷል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1918 አሜሪካዊው ዊልያም ኪልፓትሪክ፣ ትምህርት ተማሪው በሙሉ ልቡ በሚሠራው ሥራ ዙሪያ ይሁን ብሎ ጻፈ። በ1937 ደግሞ ማሃትማ ጋንዲ በዋርዳ በተደረገው ጉባኤ፣ የእጅ ሥራ የትምህርት እምብርት እንዲሆን አሳሰቡ። በእኛም አገር እርሻ፣ የእጅ ሥራና ባልትና በየትምህርት ቤቱ ይሰጡ ነበር። በደርግ ዘመንም ከአካባቢው በሚገኝ ነገር የትምህርት መሣሪያ የሚሠራባቸው ፔዳጎጂካል ማዕከላት ተቋቋሙ። ብዙ ጊዜ ግን የእጅ ሥራ በክፍለ ጊዜው ብቻ ተወስኖ ሲቀር፣ ሒሳቡ ከጥቁር ሰሌዳ አልወረደም።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ አባትና ልጅ፣ እናትና ጎረምሳ በአንድነት ፊደል ቈጠሩ። ዘመቻው ካገለገለባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ የጌዴኦ ቋንቋ ነበር፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ግን ልጆች የጌዴኦን ቋንቋ በላቲን ፊደል ይማራሉ። እንግዲህ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ቋንቋ እየተናገሩ፣ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ማንበብ የሚያዳግታቸው ጊዜ መጣ።

ከእኛ መካከል አንድ መምህር ሁለት ክፍል በሚያስተምርበት ትንሽ የገጠር ትምህርት ቤት የተማርን አለን። አንድ ቀን መምህራችን በአቅራቢያችን ወዳለ ጓሮ ወሰዱን። ትልልቆቹ የእንሰቱን ግንድ ውፍረት በቃጫ ገመድ ለካን፤ ትንንሾቹ የቡናውን እግር ቈጠሩ፤ ጽሕፈት ያማረለት መዘገበ። የጓሮው ባለቤት አዛውንት ግን አልወደዱልንም። «ልጆቻችንን ከጓሮ ያወጣናቸው ተመልሰው ጓሮ እንዲገቡ ነውን?» አሉ። መምህራችንም፣ «አባባ፣ እኛ የእንሰቱን ዓይነት ስም አናውቅምና ያስተምሩን» ብለው ለመኗቸው። አዛውንቱ ጥቂት ዝም አሉና የአንዱን ስም፣ ቀጥሎም የሌላውን፣ የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለቃጫ እንደሚሻል እያከሉ ነገሩን። በመጨረሻም እርሳሱን ተቀብለው፣ በዘመቻው ጊዜ በተማሩት ፊደል ስሞቹን ራሳቸው ጻፉ፤ እኛም ከጎኑ በላቲን ጻፍን። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ፊደል ጎን ለጎን ሲቆም ያየነው ያን ቀን ነው።

በቡና ለቀማ ወራትም እንዲሁ ሚዛን ይዘን ሠራን። ከስድስት ኪሎ ያህል እሸት ቡና ተፈልፍሎ፣ ታጥቦና በአልጋ ላይ ደርቆ የሚተርፈው ጥሬ ቡና አንድ ኪሎ ያህል መሆኑን ስናይ፣ ክፍልፋይ የሚባለው ሒሳብ ያን ጊዜ ገባን። ይህም ቀልድ አይደለም። የኮንጋ ገበሬዎች ማኅበር በ1994 ዓ.ም. የተመሠረተው የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን አባል ሆኖ ሠርቷል፤ የገበሬው የዓመት ድካምም የሚቈጠረው በሚዛን ፊት ነው። ሚዛን የሚያነብ ልጅ ያለው ቤት በሌላ ሰው ዐይን ብቻ አይተማመንም።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ለአገራችን ትልቅ ክብር ነው፤ ነገር ግን መዝገብ ብቻውን እንሰት አይተክልም። ጓሮውን የሚያውቁት አዛውንት ሳይነግሩን ቢያልፉ፣ የሚቀርልን ስሙ ብቻ ነው።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አባቶች። እኛም መማር ከእጅ አይለይ እንላለን። በዚህ በዓል የምናቀርበው ልመና አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲሄድ አንድ ደብተር ይዞ ይሂድ፤ ከጓሮው ባለቤትም አጠገብ ተቀምጦ ይጠይቅ፣ ይሥራ፣ ይጻፍ። ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን!