«ገጨ» እና «ተጋጩ»፤ ስለ መኪና አደጋ ቃላት አጭር ታሪካዊ ማስታወሻ

ከደጀን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ሰው፥ ከፊት ያለው የጭነት መኪና በድንገት ሲቆም ከኋላ የሚመጣውን ምን እንደሚገጥመው አይጠፋውም። እዚህ የምንመረምረው ግን አደጋው የሚነገርባቸውን ቃላት ነው፤ ቃሉ ሲለወጥ ጥፋተኛውም የሚለወጥበት ጊዜ አለና።

«አደጋ» ራሱ ድንገተኛ ወረራን ያመለክታል፤ «አደጋ ጣለ» የሚለው አነጋገር ይህንኑ ፍች እስከ ዛሬ ጠብቋል። አደጋ ጣይ የታወቀ ሰው ነው። «የመኪና አደጋ ደረሰ» ሲባል ግን አድራጊው ከዐረፍተ ነገሩ ወጥቶ ይቀራል።

ፍሬን ከኢጣሊያንኛው «ፍሬኖ» የመጣ ሲሆን፥ የዚያም መነሻ በላቲን የፈረስ ልጓም ነው። ልጓም እኛም ነበረን፤ ለመኪናው ግን አልታጨም። ሆኖም የጋማ ከብት ቋንቋ በግሡ በኩል ተመልሶ ገባ፤ ሹፌሩ ገመዱን እንደ በጠሰ በቅሎ «መኪናው ፍሬን በጠሰ» ይላል። «ፍሬን እንቢ አለኝ» የሚለው ይብሳል፤ ጥፋቱን ጠቅልሎ ለዕቃው ያስረክባል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 ግን ባለቤቱን ጥፋት ባይገኝበትም ኃላፊ ያደርገዋልና፥ የፍሬኑ እንቢታ አያድነውም።

ዋናው ነገር ግሡ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ረቂቁ በረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ የተሰናዳው ይኸው ሕግ፥ በቁጥር 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገምታል፤ ጉዳቱንም ግማሽ በግማሽ ያካፍላል። ይህ በሰዋስው ተደራራጊ ከምንለው «ተጋጩ» ጋራ ፍጹም ይስማማል። አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ነጂ ጥፋት መድረሱ ከተረጋገጠ ግን ግምቱ ይፈርሳል፤ «ተጋጩ» ቀርቶ አድራጊው «ገጨ» ይመለሳል። እንግዲህ ባለጉዳዩ «ከኋላ ገጨኝ» ያለውን ተርጓሚው «ተጋጨን» ብሎ ቢያሳልፈው፥ ሳያውቀው ወደ ግማሹ ዕዳ ሊገፋው ነው።

«ድንገት ቆመብኝ» የሚለው መከላከያም ምርመራ ይሻል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንዲት ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ እግሩ ፍሬን ሳይደርስ ማለት ነው። ተጠግቶ ለሚነዳ ሁሉ ነገር ድንገት ነው። በእርግጥ ያለ ምክንያትና ያለ ምልክት የሚቆምም አለ፤ ስለዚህ ቃሉ የፊተኛውን ድርጊት ይግለጽ ወይስ የኋለኛውን ቅርበት፥ ተርጓሚው መለየት ይገባዋል።

«ርቀት ይጠብቃል» የሚለው አነጋገር ሌላ እክል አለው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፥ «ብ» ላልቶ ቢነበብ ርቀቱ ራሱ የሚጠብቅ፥ ማለትም የሚጠብ ይመስላል! ለመዝገበ ቃላት «የመከተያ ርቀት» የሚለውን ስም አቀርባለሁ፤ ከኋላ ያለውን ተከታይ በስሙ ይጠራዋል።