የጽሕፈት ጠረጴዛ ነሐስና የካርቱም ታሪክ

የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ስለ ጦርነትና ስለ ነገሥታት ብዙ ይናገራሉ፤ ደብዳቤው ስለተጻፈበት የቀለም ዕቃ ግን ዝም ይላሉ። ጥቂት እንበልበት።

ካርቱም በ1820ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የግብፅ ጦር ሰፈር ሆና ተቆረቆረች። ብዙም ሳይቆይ የዝሆን ጥርስ ነጋዴዎችና ቆንስሎች ገቡባት፤ ፈረንሳዮችም ነበሩባቸው። በ1863 ዐፄ ቴዎድሮስ በሰንሰለት ያሰሩት የፈረንሳይ ቆንስል ጊዮም ለዣንም አስቀድሞ ሱዳንን የዞረ ሰው ነው።

የቱርክና የግብፅ ጸሐፊ ብዕሩንና ቀለሙን አንድ ላይ የሚይዘውን «ዲቪት» የተባለ የነሐስ ዕቃ በመታጠቂያው ሽጦ ይሄድ ነበር። የእኛ ጸሐፊ ቀለሙን በቀንድ አድርጎ መሬት ላይ ይተክላል፤ ጠረጴዛውም ጉልበቱ ነው። የፈረንሳዩ የቀለም ዕቃ ግን ወንበርና ጠረጴዛ ይሻል። ከባድ ነው፤ የብዕር ማስቀመጫ፣ የቀለም መምጠጫና የደብዳቤ ሚዛን ያጅቡታል።

እውነተኛው በምን ይታወቃል? በመጀመሪያ ክዳኑን እንክፈት። የዘመኑ ቀለም አሲድነት ስላለው ነሐስን ይበላል፤ ስለዚህ ውስጡ የብርጭቆ ወይም የሸክላ ጽዋ ይኖረዋል። ቀጥሎ እንገልብጠው፤ በአሸዋ ቅርጽ የፈሰሰ ነሐስ ከሥሩ ሻካራ ነው፣ የሞረድ ምልክትም ይታይበታል። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው። ማግኔት አልያዘውም ማለት ግን ነሐስ ነው ማለት አይደለም፤ ርካሹ ዕቃ ነሐስ የተቀባ ዚንክ ነበርና ቅቡ በተላጠበት ቦታ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ከ1838 ጀምሮ በፓሪስ የሠራው የፈርዲናን ባርበዲየን ፋብሪካ ስሙን በዕቃው ላይ ይቀርጽ ነበር፤ ይህን ስም አስመስለው የቀረጹም አሉ። ዕቃውን አሸብርቆ መወልወል ደግሞ የዕድሜውን ቆዳ መግፈፍ ነው፤ እባካችሁ አታስወልውሉ።

ለታሪክ መምህር ከሁሉ የሚጠቅመው የሚከተለው ይመስለናል። አንድ ሰው የቀለም ዕቃ ይዞ «ከጎርደን ቤተ መንግሥት የወጣ ነው» ቢለን፣ ከሥሩ «በፈረንሳይ የተሠራ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንፈልግ። አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ምክንያት ወደዚያ የሚገቡ ዕቃዎች የአገራቸውን ስም እንዲይዙ ተገደዱ፤ ይህ ዐይነቱ ምልክትም በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ካርቱም ግን በማህዲስቶች እጅ የወደቀችው ጥር 26 ቀን 1885 ነው። ስለዚህ ወሬው አያስኬድም።

ምልክት የሌለበትም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። የማህዲ ሥርዓት ምርኮ ሁሉ ወደ «በይት አል ማል»፣ ማለት ወደ ግምጃ ቤት፣ እንዲገባ ያዝ ነበር፤ ከዚያም ብዙው ይሸጥ ነበር። ዋና ከተማው ወደ ኦምዱርማን ሲዛወር የካርቱም ቤቶች ፈርሰው እንጨታቸው ሳይቀር ተወሰደ። ስለዚህ ነሐሱ የተሠራበትን አገርና ዘመን ቢነግረንም የማን እንደ ነበረ አይነግረንም።

በኦምዱርማን የኸሊፋው ቤት ከ1928 ጀምሮ ሙዚየም ሆኖ የዘመኑን ዕቃዎች ይዞ ቆይቷል። በሚያዝያ 2023 በተነሣው ጦርነት ግን በካርቱም የሚገኘው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል። ከእንግዲህ ከዚያ የሚመጣ አሮጌ ዕቃ ሲያጋጥመን፣ ከሥሩ በቀለም የተጻፈ ትንሽ ቁጥር ካለ የመዝገብ ቁጥር ሊሆን ስለሚችል አይፋቅ፤ ቁጥሩ ይገልበጥ፣ ፎቶግራፍም ይነሣ።