የለገሃር ባቡር ጣቢያ እንደማስታውሰው

የዛሬው ንግግራችን ስለ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ነው። መካነ ሰላም ተወልዶ ያደገ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ስለ ባቡር ምን ያውቃል ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በእኛ በቦረና ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነው። እናቴ «ባቡር ቤት ደርሼ ልምጣ» ካለች ጤፍ ልታስፈጭ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ የሚኖረው አጎቴ «እኔ ባቡር ጣቢያ ነው የምሠራ» ሲል፣ ዱቄት ለብሶ የሚውል ይመስለኝ ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ክረምት፣ በዘጠኝ ዓመቴ፣ አጎቴ ይዞኝ ሄደ። በአቀስታ አድርገን ደሴ አደርን፤ በማግሥቱ ማታ አዲስ አበባ ገባን። ጠዋት ለገሃር ስንደርስ ዱቄት የለም። ከፊት ዘውድ የደፋ አንበሳ ቆሟል፤ ከኋላው ትልቅ ሕንፃ አለ። ከሕንፃው ጓሮ ሐዲዱ ተጋድሞ መጨረሻው አይታይም፤ በላዩ ፉርጎ ከፉርጎ ተቀጣጥሏል። ባቡሩ ድንገት ሲጮህ አጎቴ እግር ሥር ተወሸቅሁ። ያየኝ ሁሉ ሳቀብኝ።

ይህ ሐዲድ እንዴት እንደመጣ ላስረዳ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ላይ የኩባንያው ገንዘብ አለቀ፤ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ክርክርም ተጨመረበት፤ ብዙ ዓመት ቆመ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የእኛው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ የተሸነፉት በዚያው ዓመት በጥቅምት ነበር፤ ባቡሩ የደረሰው ክረምቱ ሳይገባ ነው። ከጅቡቲ እስከዚያ 784 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እኔ ያየሁት ሕንፃ ግን በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው ነው። አንበሳውንም ጣሊያን ዘርፎ ሮም ወስዶ አቁሞት ነበር፤ ስንት ዓመት ቆይቶ ተመለሰ።

ስሙስ? ለገዳዲ፣ ለገጣፎ ሲባል የሰማ ሰው ለገሃርንም የወንዝ ስም ያደርገዋል። አይደለም። በፈረንሳይኛ «ጣቢያው» ማለት ነው። ታዲያ «ለገሃር ጣቢያ» ስንል ጣቢያን ሁለት ጊዜ እየጠራን ነው።

አጎቴ ተሸካሚ ነበር። በየጆንያው ላይ የሚወርድበት አገር በወረቀት ተጽፎ ይታሰራል፤ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ኤረር፣ ድሬዳዋ። አጎቴ ግን ማንበብ አይችልም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተምሮ ምስክር ወረቀት ተቀብሎ ነበር እኮ! ወረቀቱ ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ፣ ፊደሉ ከእጁ ጠፋ። ሰው ይጠይቃል፤ ሰው ካጣ ጆንያውን በገመዱ ቀለም ይለያል። አንድ ቀን የአዋሹን ከድሬዳዋው ጋር ጫነና ባለዕቃው የሳምንት ገንዘቡን አስከፈለው። ያን ማታ ራት አልበላም።

በማግሥቱ «አንተ ልጅ፣ ና እስቲ፤ ይቺ ምን ትላለች?» አለኝ።

«መተሐራ ትላለች፣ አያ።»

ክረምቱን ሁሉ እንዲህ ዋልን። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይሸከማል። ከድሬዳዋ ባቡር ሲገባ ብርቱካን እየሸተተ ስለሚመጣ፣ የምትገኘዋ ብርቱካን የእኔ ደመወዝ ነበረች። የአገራችንን ከተሞች ከካርታ በፊት የተማርሁት ከጆንያ ላይ ነው። ጳጉሜን ላይ ወደ አገሬ ልመለስ ስል አጎቴ አንዱን ወረቀት ይዞ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁት። «ና... ዝ...» ብሎ ቆመ። አላገዝሁትም። ምን ልበላችሁ፣ ረጅም ጊዜ ቆመ፤ ተሳፋሪው ይጮህበታል። ጨረሳት።

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው አሮጌው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። በ2009 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ለገሃር አይደርስም፤ ከከተማው ዳር ፉሪ ለቡ ነው የሚቆመው። በኅዳር 2011 ደግሞ በጣቢያው ግቢ ለሚሠራ አዲስ መንደር የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፤ ጓሮው ለፈረሳ ተዳረገ። የፊተኛው ሕንፃ ተርፏል።

በኋላ ሄጄ ነበር፤ አጎቴ አርፏል። ጆንያው ይደረደርበት የነበረውን ቦታ ብፈልግ በቆርቆሮ ታጥሯል። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ «ምን ጠፍቶህ ነው?» አለኝ። የቱ ጋ ቆሞ «ናዝሬት» እንዳለ ላሳየው ብል በምን ልጠቁም? ታክሲው ቆሞ ረዳቱ «ለገሃር! ለገሃር!» ይጣራል፤ እዚያው ቆሜ።