ፔስቱም፦ ረግረግ የበላት ከተማ

በደቡብ ኢጣሊያ፣ ከሳሌርኖ ወደ ደቡብ በሚገኘው የባሕር ዳር ሜዳ ላይ፣ ሦስት ትልልቅ የድንጋይ ቤተ መቅደሶች ዛሬም ቆመዋል። የመጨረሻው እንኳ ከተሠራ ከ2,400 ዓመት በላይ ሆኖታል። በዙሪያቸው የነበረው ከተማ ግን ፍርስራሽ ነው። ምን አጠፋት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ጦርነትን ነው። ነገሩ ግን ወደ እኛ ሙያ ይጠጋል።

ከተማዋን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ገደማ የመሠረቷት ግሪኮች ናቸው፤ ፖሴይዶንያ አሏት። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ሉካንያውያን የተባሉ የኢጣሊያ ሕዝቦች ያዟት። በ273 ደግሞ ሮማውያን ፔስቱም ብለው የራሳቸው አደረጓት። ጌታ ሲፈራረቅባት አልሞተችም፤ እንዲያውም ጽጌረዳዋ በሮም ገጣሚዎች ዘንድ ስም ነበረው።

የጎዳት ውሃው ነው። ስትራቦ የተባለው የጂኦግራፊ ጸሐፊ፣ ከዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በአቅራቢያዋ ያለው ወንዝ ረግረግ ሆኖ ስለሚተኛ ከተማዋ ለጤና አትስማማም ሲል ጽፏል። ረግረጉ ሰፋ፣ ወባውም በረታ። በመካከለኛው ዘመን የባሕር ወራሪዎች ስጋት ሲጨመርበት የተረፈው ሰው ወደ ኮረብታው፣ ወደ ካፓቾ ወጣ። ወባን ሸሽቶ ደጋ መውጣት ለእኛም አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ማላሪያ የሚለው ቃል ራሱ በጣሊያንኛ «መጥፎ አየር» ማለት ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲ እ.ኤ.አ. በ1898 ከባልደረቦቹ ጋር የሰውን ወባ የምታስተላልፈው አኖፌለስ ትንኝ መሆኗን አረጋገጠ። ይህን በ1900 በሰፊው የሞከረው የት ይመስላችኋል? እዚያው፣ ፔስቱም ባለችበት በካፓቾ ሜዳ! 112 ሰዎች በሽቦ ወንፊት በተከለሉ ቤቶች ውስጥ ከምሽት እስከ ንጋት ከትንኝ ተጠበቁ። ከእነዚህ የታመሙት 5 ብቻ ነበሩ። ያልተጠበቁት 415 ሰዎች ግን ሁሉም በወባ ተያዙ። ኢጣሊያ ከወባ ነጻ መሆኗ በዓለም ጤና ድርጅት የተመሰከረው በ1970 ነው።

እንግዲህ ከስትራቦ እስከ ግራሲ 1,900 ዓመት ገደማ ነው። ውሃው ከተማዋን እንደሚጎዳት ቀድሞ ታይቷል፤ ማየት ብቻውን ግን አላዳናትም። ውድ የሙያ አጋሮቼ፣ በተለይ ዛሬ በማስተማር ላይ ያላችሁ፦ ተማሪዎቻችን የታማሚውን ታሪክ ሲወስዱ ትኩሳቱ መቼ ጀመረ ብለው ብቻ እንዳያቆሙ አደራ። ቤትህ አጠገብ የታቆረ ውሃ አለ ወይ? አጎበርስ አለህ? እነዚህንም ይጠይቁ።