ከቻሌንጀር አደጋ ወዲህ የሰው ልጅ የጠፈር ጕዞ

ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጃንዩዌሪ 28 ቀን 1986፣ በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ጠረፍ ሌሊቱን ብርቱ ውርጭ ስለ ወረደ በሮኬቱ ማስነሻ ማማ ላይ በረዶ ተንጠልጥሎ አድሮ ነበር። ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኰራኵር ሰባት ሰዎች ይዛ ከረፋዱ በ5 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ተነሣች፤ በ73ኛው ሴኮንድ ግን በአየር ላይ ተበታተነች። ከሰባቱ ሟቾች አንዷ ወይዘሮ ክሪስታ ማኮሊፍ ሲሆኑ፣ እኒህ ሴት በኒው ሃምፕሸር፣ በኮንኮርድ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነበሩ።

ፕሬዚዳንት ሬገን በ1984 እ.ኤ.አ. ከተራው ዜጋ መካከል አስቀድሞ ወደ ጠፈር የሚወጣው መምህር እንዲሆን ባስታወቁ ጊዜ ከ11,000 በላይ መምህራን አመልክተው ነበር። ወይዘሮ ማኮሊፍ በማመልከቻቸው ላይ ያቀረቡት አሳብ የዕለት ማስታወሻ ለመጻፍ ነው፤ ይኸውም በቀድሞ ዘመን በሠረገላ ወደ ምዕራብ አሜሪካ የተጓዙት ሴቶች የጻፉትን ዐይነት፣ የተራ ሰው ምስክርነት ማለት ነው። ከጠፈር ሆነው ሁለት ትምህርት ሊሰጡም ተዘጋጅተው ነበር። ስለዚህ በዚያች ቀን ብዙ ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ነበር፤ የኮንኮርድ ተማሪዎችም በአዳራሻቸው ተሰብስበው የገዛ መምህርታቸውን መጨረሻ አዩ።

የአደጋው ምክንያት ሲመረመር እጅግ ትንሽ ነገር ሆኖ ተገኘ። በመንኰራኵሯ ግራና ቀኝ የቆሙት አጋዥ ሮኬቶች ከብዙ ቍራጭ የተገጣጠሙ ሲሆኑ፣ በየመጋጠሚያቸው የሚነድደው ጋዝ እንዳያመልጥ ውፍረታቸው 7 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ሁለት ሁለት የጐማ ቀለበቶች ነበሩባቸው። ጐማ በብርድ እንደሚገትር ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። ሮኬቱን የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች፣ ይልቁንም ሮጀር ቦይጆሊ፣ በዋዜማው ማታ በስልክ በተደረገው ስብሰባ ላይ ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ በረራው እንዲቀር አጥብቀው ተከራከሩ። የጠፈር መሥሪያ ቤቱ ሹማምንት አሳቡን በተቃወሙ ጊዜ ግን የኩባንያው አለቆች የመሐንዲሶቻቸውን ምክር ወደ ጐን ትተው ፈቃዳቸውን ሰጡ። በማግስቱ መንኰራኵሯ ስትነሣ ሙቀቱ 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነበር። በሌላ ጊዜ መብረር ደኅና መሆኑን ማስረዳት የሚገባው ለመብረር የሚፈልገው ወገን ነበር፤ በዚያች ሌሊት ግን መሐንዲሶቹ አደጋ መምጣቱን በማያጠራጥር ማስረጃ እንዲያሳዩ ተጠየቁ። የሞቱ ፍርድ የተፈረደው በዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከመርማሪው ጉባኤ አባሎች አንዱ የፊዚክስ ሊቁ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፋይንማን፣ በሕዝብ ፊት የዚያኑ ጐማ ቍራጭ በመቈንጠጫ አጥብቀው በበረዶ ውሃ ከነከሩ በኋላ ሲፈቱት ቶሎ ወደ ቅርጹ አለመመለሱን አሳዩ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ብቻ የፈጀ፣ በማናቸውም ክፍል ውስጥ ሊደገም የሚችል ትምህርት ነው። ደግሞም አለቆቹ አደጋ የሚደርሰው ከ100,000 በረራ በአንዱ ነው ሲሉ መሐንዲሶቹ ከ100 በአንዱ ይሉ እንደ ነበር ገልጠው ጻፉ። የዚህ ዐይነት መንኰራኵሮች እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ 135 ጊዜ ተነሥተው ሁለቱ ስለ ጠፉ፣ ወደ እውነቱ የቀረበው የመሐንዲሶቹ ግምት ነበር።

ሁለተኛዋ ኮሎምቢያ ናት። በ2003 እ.ኤ.አ. በመነሻዋ ላይ ከነዳጅ ታንከሩ የተገነጠለ የአረፋ ቍራጭ ግራ ክንፏን ስለ ሸነቈረው፣ በፌብሩዌሪ 1 ቀን ስትመለስ ከነሰባት ሰዎቿ ተቃጠለች። በዚያ ጊዜም ጕዳቱ በፎቶግራፍ እንዲታይ የጠየቁ መሐንዲሶች ሰሚ አላገኙም፤ አረፋው ቀድሞም ብዙ ጊዜ ወድቆ ክፉ ነገር ስላላመጣ እንደ ልማድ ተቈጥሮ ነበር። መርማሪዎቹም የመሥሪያ ቤቱ ልማድ ከአረፋው ባላነሰ ለአደጋው ምክንያት መሆኑን በግልጥ ጻፉ። ሶቪየት ኅብረትም ቀደም ብላ በ1967 እ.ኤ.አ. ኮማሮቭን፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ሌሎች ሦስት ሰዎችን አጥታለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጕዞው አልቆመም፤ መቆምም የሚገባው አይመስልም። ዳሩ ግን የመንኰራኵሮቹ አሠራር ተለውጧል። ቻሌንጀር በምትነሣበት ጊዜ ሰዎቿ የሚያመልጡበት መንገድ አልነበራትም፤ በኋላ የተሠሩት ግን ሰው የሚቀመጥበት ክፍል በሮኬቱ ራስ ላይ ሆኖ፣ ሮኬቱ ቢበላሽ ተፈናጥሮ የሚያመልጥ ነው። በኦክቶበር 2018 እ.ኤ.አ. አንድ የሩስያ ሶዩዝ ሮኬት በመንገድ ላይ በተሰበረ ጊዜ ሁለቱ ተጓዦች በዚህ ዘዴ በሕይወት ወርደዋል። እንደዚሁም በ2022 እ.ኤ.አ. ሰው ሳይጫን ጨረቃን ዞሮ የመጣው ኦራይን የእሳት መከላከያው ባልታሰበ ሁኔታ ተሸርፎ ስለ ተገኘ፣ ምክንያቱ እስኪመረመር ድረስ ሰዎችን የሚያሳፍረው ጕዞ ዘግይቷል። እንዲህ ያለው መዘግየት በ1986 ቢሆን ኖሮ እንደ ውርደት በተቈጠረ ነበር።

የወይዘሮ ማኮሊፍ ምትክ ሆነው ተመርጠው የነበሩት መምህርት ባርባራ ሞርጋን ሃያ አንድ ዓመት ከጠበቁ በኋላ በኦገስት 2007 እ.ኤ.አ. ወደ ጠፈር ወጡ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቀድሞ መምህራን የነበሩት ጆሴፍ አካባና ሪቻርድ አርኖልድ፣ ማኮሊፍ አዘጋጅተዋቸው ከነበሩት የሙከራ ትምህርቶች አንዳንዶቹን በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ሠርተው በፊልም ለትምህርት ቤቶች ላኩ።